ዝንጀሮ ነው አልኩት

ከዚያ ጉዞ በፊት ስለ ደጋ አጋዘን የማውቀው የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ላይ ያለውን ሥዕል ነበር። ጎባ ተወልጄ ጎባ አድጌ ይህን ማለት ያሳፍራል። ዲንሾ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን የጎረቤት በሬ እንደማይ ነው አይቼ የማልፈው።

ሥራውን ያመጣልኝ ጓደኛዬ ነው። አንድ የአደን ድርጅት እንግሊዝኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው ለሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አበሉ ጥሩ ነው፤ ምግቡ ከካምፑ። ወሩ ኅዳር 2009 ነበር። ያንን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ቀሪውን ራሱ ይገምታል። መስከረም 22 ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ ሊያከብር የወጣ ሰው አልቋል። በዚያው ሳምንት መንገዶች ተዘጉ፣ ላንጋኖ ዳር ሎጅ ተቃጠለ፣ ፋብሪካና እርሻ ነደደ። ሳምንቱ ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ አሜሪካዊ ጠመንጃውን ይዞ ባሌ ተራራ ላይ አጋዘን ሊገድል ይመጣል።

«አይቀርም እንዴ?» አልኩት ጓደኛዬን።

«ከፍሏል» አለኝ።

እንዴት ያለ ክፍያ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። የአንድ ወንድ ደጋ አጋዘን የመንግሥት ክፍያ ብቻ 15 ሺህ ዶላር። ካምፑ፣ መኪናው፣ አዳኙ፣ አውሮፕላኑ በዚያ ላይ ይደመራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ኢትዮጵያም ውስጥ ቢሆን ያለው ባሌና አርሲ፣ እንዲሁም በዚያው አካባቢ ባሉ ደጋዎች ብቻ ነው። ፈረንጆች ያወቁት በጣም ዘግይተው ነው። ሜጀር አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. ገድሎ ቆዳና ቀንዱን ለንደን ወሰደ። ሊዴከር የተባለ ሊቅ በ1910 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት የገዳዩን ስም ሰጠው። የአገሬው ሰው ግን ጋደምሳ ብሎ ሲጠራው ኖሯል። ማንም ስሙን አልጠየቀውም እንጂ።

እንግዳችን 64 ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው። የካምፑ ወጥ ሠሪ ገና በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» አለው፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጋሼ አልነው። እሱ ቃሉ «ጌታዬ» ማለት መስሎት ነው የጨረሰው። አላረምኩትም። አለማረም የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መከራ ተራራ ላይ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ነበር። የጠመንጃው ማስገቢያ ደብዳቤ ላይ ቁጥሩ በአንድ አኃዝ ተሳስቷል። 3 መሆን የነበረበት 8 ሆኗል። ጠመንጃው ያለው ኤርፖርት፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ቢሮ፣ ማኅተሙ ያለው ሦስተኛ ቦታ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይምጡ። በአገሩ ሰላም በነበረ ጊዜ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ይላል አለቃችን፣ በሙያው ያረጀ አዳኝ። ያኔ ግን ማንም ሰው መሣሪያ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ እጁን ማሳረፍ አይፈልግም። አራት ቀን ሄደ። ጋሼ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ በየጠዋቱ «ዛሬ ነው?» ይለኛል። «ዛሬ ነው» እለዋለሁ።

በሻሸመኔ መሄዱን ትተን በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ ዞርን። ኬላ ብዙ ነው። በየኬላው መኪናው ይቆማል፣ የጠመንጃው ሳጥን ይከፈታል፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ ቁጥሩ ይመሳከራል። አንዱ ጋ ላይ ልጅ እግር ወታደር ሳጥኑን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«የአባቶቻችንን መሣሪያ እየሰበሰብን ለፈረንጅ ደግሞ እናሳልፋለን?» አለ። የጠየቀው እኔን አይደለም። ራሱን ነው።

«ምን አለ?» አለኝ ጋሼ።

«እንኳን ደህና መጣህ ይልሃል።»

ጋሼ ከመስኮት ወጥቶ እጁን ጨበጠው። ወታደሩም ግራ ገብቶት ጨበጠ። አለቃችን ከፊት ሆኖ በመስታወት አየኝ፤ ምንም አላለም።

ካምፑ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጎባ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር። ፈራሁ። የኅዳር ውርጭ ድንኳኑ ላይ ይጋገራል። ጠዋት ጄሪካኑን ስናነሳ በረዶው ውስጡ ይንኳኳል። ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ የለም። ማደያው በጄሪካን መሸጥ ተከልክሏል ብሎ መልሶናል። ስለዚህ ማታ ማታ እሳት ዳር ነው። ጋሼ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሱን ይዞ ዋለ፤ ከፍታው መታው። ወጥ ሠሪው ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ሾርባ ሠራለት። ሾርባው አዳነው፣ ወይም ጊዜው አዳነው።

አደን ማለት ሩጫ ይመስለኝ ነበር። መቀመጥ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተህ፣ በፈረስ ወጥተህ፣ ጎህ ሳይቀድ ሸንተረር ላይ ትቀመጣለህ። ከፊትህ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የአስታ ቁጥቋጦና ኮሶ። ትልልቆቹ ወንዶች ከጥቅጥቁ የሚወጡት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ፣ ማታ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ነው። የቀረውን ቀን ተኝተው ያሳልፉታል። አንተ በመነፅር ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ትቃኛለህ። ሦስት ሰዓት አካባቢ ጉሙ ከታች ይነሳና ሁሉንም ይውጠዋል። ከዚያ ጉሙ እስኪገፈፍ ትጠብቃለህ። እግርህ ይደነዝዛል፣ አፍንጫህ ይፈስሳል፣ ማውራት አይቻልም።

አምስት ነበርን። ጋሼ፣ አለቃችን፣ እኔ፣ ትራከሩና የመንግሥት ተቆጣጣሪው። ትራከር የሚሉት ዱካ ተከታዩን ነው፤ የእኛው ታች ካለው መንደር ነው። ተቆጣጣሪው ያለ እሱ ጥይት የማይተኮስበት ሰው ነው። የእንስሳውን ዕድሜ ይጽፋል፣ ቀንዱን ይለካል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቆሎ ያካፍላል፣ ቀልድ ያውቃል። ግን ማታ ማታ ሪፖርት ይጽፋል። በዚያ ወቅት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው አጠገብ ሁሉም ሰው ትንሽ ጠበብ ብሎ ነው የሚቀመጠው። መንግሥት ራሱ በዚያው ኅዳር ከ11 ሺህ በላይ ሰው ማሰሩን ተናግሮ ነበር።

ትራከሩ ብዙ አያወራም። አንድ ማታ እሳት ዳር ብቻ፣ ጋሼ ስለ እንስሳው ቁጥር ሲጠይቀው፣ ረዘም አድርጎ አወራ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ እሱ ትንሽ ልጅ ነበር። ዲንሾ ያለው የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሲዘረፍ ያስታውሳል። ጠባቂ የለም፣ ሕግ የለም፣ መሣሪያ በየቤቱ ነው። አጋዘኑ እንደ ጉድ አለቀ። «ሥጋው ከመብዛቱ የተነሳ ውሻ እንኳ ጠገበ» አለ። ከዚያ እሳቱን እየቆሰቆሰ ጨመረ፦ «መንግሥት ሲናጋ ይሄ እንስሳ ከሰው ቀድሞ ያውቃል። ወደ ላይ ይወጣል።» ይህን እንዳለ ተረጎምኩለት። ከተረጎምኳቸው ጥቂት እውነተኛ ነገሮች አንዱ ነው።

ካምፕ በገባን በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛው መነፅር እኔ እጅ ነበር። ከገደሉ ማዶ፣ ከአስታው ሥር፣ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ልቤ ዘለለ፤ እኔም ሳላውቀው አዳኝ ሆኜ ነበር ማለት ነው። አስተካክዬ አየሁ። ሰማያዊ ሹራብ ነው። የተማሪ ሹራብ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ምንጩ ላይ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ውሃ ይጠጣል። ከኋላው ሌላ ልጅ ቆሟል፤ ዙሪያውን ያያል። ጫማ የለውም።

«ምን አየህ?» አለኝ ጋሼ በሹክሹክታ።

ተቆጣጣሪው ከተጋደመበት ቀና አለ።

«ዝንጀሮ ነው» አልኩት። በእንግሊዝኛ አልኩ፤ ከዚያ ለተቆጣጣሪው በአማርኛ ደገምኩት። ዝንጀሮ ነው።

ትራከሩ መነፅሩን እንኳ አላነሳም። «እዚያ ጋ ዝንጀሮ አይጠፋም» አለ ቀስ ብሎ። ያኔ ነው ያወቅኩት። እሱ ገና ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር።

ጋሼ «ለዝንጀሮ አይደለም የከፈልኩት» ብሎ መነፅሩን ወደ ሌላ አዞረ። ተቆጣጣሪው ተመልሶ ተጋደመ። እኔ ቀኑን ሙሉ ያቺ ቃል አፌ ውስጥ ተንከባለለች። ሌላ ስንት ነገር ማለት ይቻል ነበር። ጥላ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ድኩላ ነው ማለት ይቻል ነበር። የአገሬን ልጅ ምን ብዬ እንደጠራሁት እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ከጎህ በፊት ፈረሶቹ እየተጫኑ ሳለ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ከጨለማው ወጡ። ጋቢያቸው በጤዛ ርሷል። ታች የመንደሩ ሐጂ ናቸው። ተቆጣጣሪው ገና አልተነሳም። ሰዓቱን አስበውበት መጥተዋል።

«ሐጂ፣ ምነው በዚህ ብርድ?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

ሰላምታው ረዘም አለ። የከብቱ፣ የገብሱ፣ የልጅ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገሩን። ከመንደሩ ሁለት ልጆች ተወስደዋል። የቀሩት ሸሽተው ጫካ ገብተዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ታች ወታደር ሰፍሯል።

«ዛሬ አትተኩሱ» አሉ። «ጥይት ከጮኸ እናቶቻቸው ልጄ ተመታ ብለው እየጮኹ ይወጣሉ። ታች ያሉት ደግሞ ተተኮሰብን ይላሉ። የእናንተ አንድ ጥይት ነው። እዚህ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን አናውቅም።»

አለቃችን ኦሮምኛ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። እንግዳው የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ካልገደለ ስሙ የሚጠፋው የአለቃችን ነው፤ ወሬው አሜሪካ አገር ባለ የአዳኞች ገበያ ሁሉ ይዞራል። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ለሰውየው ምን እንበለው?»

«ቀብር አለ በሉት» አለ ትራከሩ።

ነገርኩት። መንደሩ ውስጥ ሰው ሞቷል፣ በባህላችን በቀብር ቀን አይተኮስም። ግማሹ ከኪሴ የወጣ ባህል ነው። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሼ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማን ነው የሞተው?» አለኝ። ይህን አላሰብኩበትም። «አንድ ወጣት» አልኩት። ምን ነክቶኝ እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። ኪሱ ገብቶ 100 ዶላር አወጣና በሁለት እጁ ለሐጂ ዘረጋ። ለሟች ቤተሰብ።

ሐጂ እኔን አዩኝ። ተረጎምኩላቸው፤ ይህንን ማምለጥ አይቻልም ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። «ላልሞተ ልጅ እዝን አልቀበልም» አሉ። «ሟርት ነው። መልስለት።»

«ምን አሉ?» አለኝ ጋሼ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እናንተው ያዙልን ይላሉ።»

ብሩ አለቃችን ኪስ ገባ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጋሼን ተሰናብተውት ወረዱ። ያን ቀን ከካምፕ ሳንወጣ ዋልን። ጋሼ ጠመንጃውን ሲወለውል ዋለ። አመሻሹ ላይ ግን ከድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ነጭ የቀንድ ጫፍ ያለው ትልቅ ወንድ ወጥቶ ቆመ። ሰባት ቀን ስንፈልገው የኖርነው ዓይነት። ሳር ነጨ፣ ጆሮውን አራገበ፣ አየን፣ ተመልሶ ገባ። ጋሼ የተናገረውን መተርጎም አላስፈለገም። ስድብ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ሸሸን። አጋዘኑም ወደ ላይ ይወጣል ተብሏልና። በፈረስ አምስት ሰዓት፤ ሌላ ሸንተረር፣ ትንንሽ ድንኳን፣ የባሰ ብርድ። የእንግዳው ጉልበት አብጧል፤ ቁልቁለት ላይ እኔና ፈረሰኛው ደግፈን ነው የምናወርደው። አንድ ሌሊት ዝናብ ከበረዶ ጋር ወረደና ማንም ሳይተኛ ነጋ። ሳተላይት ስልኩ ላይ ሚስቱ ደወለች። ኤምባሲው ስለ ጉዞ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብባለች። «እዚህ ሰላም ነው» ሲላት ሰማሁት። ከልቡ ነው። የሚያውቀው የእኔን ትርጉም ነው።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሆነ። ሽማግሌ ወንድ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ከአስታው ጫፍ ወጣ። ተቆጣጣሪው ዕድሜውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ተነፈሰ። ተኮሰ።

የጥይቱ ድምፅ ገደሉን ሦስት ጊዜ መታው። እኔ እንስሳው ሲወድቅ አላየሁም። ወደ ታች ነው የዞርኩት፤ ወደ መንደሩ። ትራከሩ ክንዴን ያዘኝ። «ሌሊት ልጅ ልኬያለሁ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከላይ የሚሰማ የእኛ ነው ብያቸዋለሁ።» ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ስዋሽ እሱ ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። ሥጋው ለመንደሩ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላሂ ተብሎ ካልታረደ አይበላም። ጋሼ ደግሞ ከኋላ «አንገቱን አይደለም! አንገቱን አይደለም!» ይጮኻል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ከትከሻ በላይ ያለው ነው፤ ጉሮሮው ላይ ከተቆረጠ ቆዳው ይበላሻል። ይህ ጠብ በየአደኑ አለ አሉኝ። ትራከሩ ዝቅ አድርጎ ደረቱ አካባቢ አረደው። ሁለቱም ወገን ግማሽ ደስ አለው። ፈረሰኛው አያቱ ስለገደሉት ጎሽ ማንጎራጎር ጀመረ። «ምን እያለ ነው?» አለኝ ጋሼ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ስለ አንተ ነው» አልኩት።

ቆዳው በቶሎ ጨው ካልበላ ፀጉሩ ይረግፋል። ጨው ደግሞ የለም። ሁለተኛው መኪና ይዞት ሊመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጨው ባሌ የሚደርሰው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ተነስቶ ነው፤ በዚያ ወቅት የጭነት መኪና እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ወጥ ሠሪው ከማጀቱ ሁለት ኪሎ ሰጠን። እሷም ለአንድ ጆሮ አትበቃም። አለቃችን ያቺን 100 ዶላር አወጣ። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 22 ብር ገደማ ነው። በብር ለውጦ ለትራከሩ ሰጠውና ትራከሩ ሌሊቱን በፈረስ ወረደ። ጠዋት በማዳበሪያ ጨው ይዞ መጣ። ከየቤቱ፣ በጣሳ በጣሳ፣ ከእናቶች የገዛው ነው። ዋጋውን አልተከራከረም። ሐጂም ሸጡልህ ወይ አልኩት። «እሳቸው በነፃ ሰጡ» አለኝ።

ስንመለስ ቀንዱና ራስ ቅሉ ከፒክአፑ ኋላ፣ ቆዳው ታጥፎ በማዳበሪያ ነው። ዶዶላን እንዳለፍን አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ ከሰሜን የመጣ ነው በአነጋገሩ። ሸራውን ገለጥ አደረገና ቀንዱን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ከደረት ኪሱ የሲጋራ ፓኮ አወጣ። ኒያላ። ፓኮውን ቀንዱ አጠገብ አስጠግቶ ያመሳክር ጀመር፤ ልክ የጠመንጃውን ቁጥር እንደሚያመሳክሩት።

«ይሄ እኮ የእውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«የእውነት ነው።»

«እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።» ፓኮውን መለሰና ፊቱ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ሆነ። «ከላይ ነው የመጣችሁት። ጫካ ውስጥ ሰው አላያችሁም?»

ተቆጣጣሪው ፊት ወንበር ላይ ነው፤ አልዞረም።

«ዝንጀሮ ብቻ ነው ያየነው» አልኩት።

ገመዱን አወረደ። ጋሼ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ምን አለ?»

«እንኳን ደስ ያለህ ይልሃል።»